ዲስኩን ምን ሞላው? ቦታ የያዘውን ከተርሚናል ስለማግኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ለተጫነባቸው ሰርቨሮችና ላፕቶፖች ናቸው። በሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶችም አብዛኛው ያው ነው፤ የሚለየው የፓኬጅ ማጽጃው ክፍል ነው።

ትዕዛዞቹ በአማርኛ ፊደል ተጽፈዋል። ተርሚናል ላይ እንዴት ላስገባቸው?

የተጻፉት ሰው በስልክ ሲነግርዎት እንደሚጠራቸው ነው። ኪቦርድ ላይ ሁሉም በላቲን ፊደል ይገባሉ፤ «ትልቋ» ካልተባለ በቀር ደግሞ በትንንሾቹ። ዲኤፍ ማለት ዲ እና ኤፍ ናቸው፤ «ዲስክ ፍሪ» ከሚለው የመጣ ነው። ዲዩ ደግሞ ዲ እና ዩ፣ ከ«ዲስክ ዩሴጅ»። ሶርት፣ ሄድ፣ ፋይንድ የመሳሰሉት ሙሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሆኑ እንደ ቃሉ ይጻፋሉ። ሰረዝ፣ ስላሽ፣ ነጥብ፣ ቀጥ ያለችው መስመር እና ክፍት ቦታ እንዳሉ ይገባሉ።

ክፍት ቦታን አይናቁ። «አርኤም ቴምፕ*» በቴምፕ የሚጀምሩትን ፋይሎች ያጠፋል። በኮከቧ ፊት አንዲት ክፍት ቦታ ገብታ «አርኤም ቴምፕ *» ከሆነ ግን ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፋይል በሙሉ ይጠርጋል። ቆሻሻ መጣያ የሚባል ነገር የለም፤ የጠፋው ጠፋ ነው።

«ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» አለኝ። ከየት ልጀምር?

ምንም ሳያጠፉ በዚህ ይጀምሩ፦

ዲኤፍ -ኤች

በእያንዳንዱ መስመር በስተቀኝ መጨረሻ ላይ ዲስኩ የተሰካበት ቦታ ይታያል። የሚፈልጉት በአብዛኛው «/» ብቻ የተጻፈበትን ነው። ለምሳሌ፦

/ዴቭ/ኤስዲኤ1 40ጂ 38ጂ 0 100% /

ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ጠቅላላ መጠን፣ የተያዘ፣ የቀረ እና በመቶኛ የተያዘው ናቸው። «ቴምፕኤፍኤስ» የሚሉት መስመሮች ሜሞሪ ላይ ያሉ ስለሆኑ ይለፏቸው። «/ዴቭ/ሉፕ» ብለው የሚጀምሩት ደግሞ የስናፕ ፕሮግራሞች ናቸው። ተጨምቀው የታሸጉ፣ የማይጻፍባቸው ስለሆኑ ሁልጊዜ 100% ያሳያሉ፤ ችግር አይደለም። ብዙ ሰው በነዚህ ደንግጦ ዋናውን መስመር ሳያይ ይቀራል።

የተያዘው 38፣ የቀረው 0። ለምን 40 አልመጣም?

ኤክስት4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት ሲዘጋጅ ከቦታው 5% ለሩት ተጠቃሚ (ለአስተዳዳሪው) ያስቀምጣል። ከ40 ጊጋ ላይ 2 ጊጋ መሆኑ ነው። ተራ ፕሮግራሞች ዲስኩን ጢም አድርገው ቢሞሉት እንኳ አስተዳዳሪው ገብቶ እንዲያስተካክል የተተወ ስንቅ ነው። ስለዚህ «/» ላይ አይንኩት። ፎቶና ባክአፕ ብቻ የሚቀመጥበት 2 ቴራ ዲስክ ላይ ግን 5% ማለት 100 ጊጋ ገደማ ነው፤ እዚያ ወደ 1% ማውረድ ይቻላል፦

ሱዶ ቱን2ኤፍኤስ -ኤም 1 /ዴቭ/ኤስዲቢ1

ሱዶ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል። የዲስኩን ስም ከዲኤፍ ውጤት ላይ አይተው ይተኩ። ዲስኩን መንቀልም ሪስታርት ማድረግም አያስፈልግም።

የትኛው ፎልደር እንደሆነ በምን ልወቅ?

ሱዶ ዲዩ -ኤክስኤች -ዲ 1 / | ሶርት -አርኤች | ሄድ -ኤን 20

እያንዳንዷ ፊደል ሥራ አላት። ኤክስ ከዚህ ዲስክ አትውጣ ማለት ነው። እሷ ከሌለች ዲዩ ወደ ተሰኩት ሌሎች ዲስኮች ሁሉ ይገባል፤ ከተሞላው ዲስክ ጋር የማይገናኝ ቁጥርም ይዞልዎት ይመጣል። ኤች መጠኑን በኬ፣ በኤም፣ በጂ ያሳያል። «-ዲ 1» አንድ ደረጃ ብቻ ውረድ ማለት ነው። ሱዶ ካልቀደመ ዲዩ መግባት ያልተፈቀደለትን ፎልደር ሳይቆጥር ያልፋል፤ ትልቁ ነገር ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ሶርት ላይ -አርኤች መሆኑን ልብ ይበሉ። -አርኤን ካሉት ቁጥሩን ብቻ እንጂ ጂና ኬውን ስለማያይ 900ኬ ከ2ጂ በላይ ይቀመጣል። የተሳሳተው ዝርዝር ልክ የሆነ ስለሚመስል ሰው ሳያውቀው የማይረባ ፎልደር ሲያጸዳ ይውላል።

የመጀመሪያው መስመር የሁሉም ድምር ነው፤ ከሁለተኛው ይጀምሩ። ሁለተኛው «/ቫር» ከሆነ ትዕዛዙን «/» በነበረበት ቦታ «/ቫር» ብለው ይድገሙት። ቀጥሎ «/ቫር/ሊብ»፣ ከዚያ ወደ ታች። ሦስት አራት ጊዜ ከወረዱ በኋላ ጥፋተኛው ብቻውን ይቀራል። ሚሊዮን ትንንሽ ፋይል ያለበት ሰርቨር ላይ ዲዩ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ዝም ቢልም ሥራ ላይ ነው፣ አያቋርጡት።

«ዲዩ -ኤስኤች *» ብዬ ሁሉንም ደመርኩ፤ ቁጥሩ ግን ያንሳል።

ኮከቧ በነጥብ የሚጀምሩትን ስውር ፎልደሮች አታይም። ሆም ፎልደር ውስጥ ደግሞ ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፦ «.ካሽ»፣ «.ሎካል» እና የመሳሰሉት። በኮከብ ፋንታ «-ዲ 1 .» ብለው በነጥብ ይጨርሱ፤ ስውሮቹም ይቆጠራሉ።

ላፕቶፕ ላይ ከሆኑ በዳውንሎድስ ሥር ያለውን «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ሳያዩ አይለፉ። ከየቻናሉ የወረደ ፒዲኤፍና ቪዲዮ የሚከማቸው እዚያ ነው። የቴሌግራም ካሽ ግን በ«.ሎካል» ሥር ለብቻው ስላለ፣ እሱን ከራሱ ከፕሮግራሙ ሴቲንግ ማጽዳት ይሻላል።

ፎልደሩ ይቅርብኝ፤ ትልልቅ ፋይሎችን በቀጥታ ማግኘት እችላለሁ?

ሱዶ ፋይንድ / -ኤክስዴቭ -ታይፕ ኤፍ -ሳይዝ +500ኤም -ኤግዜክ ዲዩ -ኤች {} + | ሶርት -አርኤች

ከ500 በኋላ ያለችው ኤም ትልቋ ናት፤ በትንሿ ከጻፏት ፋይንድ አይቀበልም። ትዕዛዙ ከ500 ሜጋ የሚበልጡትን ፋይሎች ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል። ከ30 ቀን በላይ ያልተነኩትን ብቻ ከፈለጉ ከ«-ኤግዜክ» በፊት «-ኤምታይም +30» ይጨምሩ።

መጠኑን በዲዩ የምናየው በምክንያት ነው። «ኤልኤስ -ኤልኤች» የቨርቹዋል ማሽን ዲስክን 100 ጊጋ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ በእውነት የያዘው ግን 3 ጊጋ ይሆናል። ውስጡ ባዶ የሆነው ክፍል ዲስክ ላይ አልተጻፈምና። ኤልኤስ የሚነግርዎት የፋይሉን ርዝመት ነው፣ ዲዩ ደግሞ የያዘውን ቦታ።

ይህን ሁሉ ከመጻፍ የሚያድን ነገር የለም?

አለ፦ ኤንሲዲዩ። «ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ኤንሲዲዩ» ብለው ይጫኑ፤ ከዚያ «ሱዶ ኤንሲዲዩ -ኤክስ /»። ቆጥሮ ሲጨርስ በቀስት እየገቡና እየወጡ ያያሉ። ዲ ከተጫኑ የቆሙበትን ያጠፋል፤ ከማጥፋቱ በፊት ቢጠይቅም እጅዎን ይጠብቁ። ዲስኩ ጢም ካለ በኋላ ግን መጫን ራሱ አይሳካም፤ ሰርቨር ሲያቋቁሙ ቀድመው ይጫኑት።

ዲኤፍ 38 ጊጋ ተይዟል ይላል፤ ዲዩ ግን 17 ብቻ ያገኛል። 21 ጊጋው የት ገባ?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደክመው ይህ ነው። መልሱ ያለው በራሱ በልዩነቱ ውስጥ ነው። ዲኤፍ የፋይል ሥርዓቱን መዝገብ ይጠይቃል፤ ዲዩ ደግሞ በስም የሚደርስባቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ይደምራል። ስለዚህ የጠፋው 21 ጊጋ ቦታ ይዟል፣ ግን በስም አይደረስበትም። ዲዩን በሱዶ ማስኬድዎን ካረጋገጡ የሚቀሩት በአብዛኛው ሁለት ምክንያቶች ናቸው።

አንደኛው፣ የተሰረዘ ግን ገና የተከፈተ ፋይል ነው። ሊኑክስ ላይ አርኤም የሚያጠፋው የፋይሉን ስም ነው። ፋይሉን የከፈተ ፕሮግራም እስካለ ድረስ ይዘቱ ዲስክ ላይ ይቆያል፣ ፕሮግራሙም ይጽፍበታል። 21 ጊጋ የደረሰ የኢንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም) ሎግ፣ ማለትም የክንውን መዝገብ፣ በአርኤም ከጠፋ በዲዩ አይታይም፣ በዲኤፍ ግን እንዳለ ነው። እንዲህ ይፈልጉት፦

ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1

ከመደመር ምልክቷ ቀጥላ ያለችው ኤል ትልቋ ናት። ውጤቱ የፕሮግራሙን ስም፣ የፕሮሰስ ቁጥሩን፣ የፋይል መያዣ ቁጥሩን እና መጠኑን ያሳያል፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ በቅንፍ «ዲሊትድ» ይላል። ፕሮግራሙን «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት» ብለው ስሙን ሲያስከትሉ ቦታው ወዲያው ይመለሳል። ሪስታርት ማድረግ የማይቻል ከሆነ፣ የፕሮሰስ ቁጥሩ 1234፣ መያዣው 5 ነው ብንል፦

ሱዶ ትራንኬት -ኤስ 0 /ፕሮክ/1234/ኤፍዲ/5

መያዣው «5ደብልዩ» ተብሎ ቢታይ ቁጥሩን ብቻ ይውሰዱ። ይህን የሚያደርጉት ግን ፋይሉ ሎግ መሆኑን ካረጋገጡ ብቻ ነው። የዳታቤዝ ጊዜያዊ ፋይል ከሆነ መረጃ ያበላሻሉ።

ሁለተኛው፣ በተሰካ ዲስክ ሥር የተደበቀ ፋይል ነው። የባክአፕ ዲስኩ «/ኤምኤንቲ/ባክአፕ» ላይ ይሰካል እንበል። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲነሳ ዲስኩ ሳይሰካ ይቀራል። የባክአፕ ስክሪፕቱ ግን ፎልደሩ ስላለ ዝም ብሎ ዋናው ዲስክ ላይ ይጽፋል። በኋላ ዲስኩ ሲሰካ እነዚያ ፋይሎች ከሥሩ ይሸፈናሉ፤ ዲዩ አያያቸውም። ለማየት ዋናውን ዲስክ በሌላ በር ይክፈቱት፦

ሱዶ ኤምኬዲር /ኤምኤንቲ/ሥር
ሱዶ ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ/ሥር
ሱዶ ዲዩ -ኤክስኤች -ዲ 2 /ኤምኤንቲ/ሥር | ሶርት -አርኤች | ሄድ

(«ሥር» የመረጥነው ስም ነው፤ የፈለጉትን ይበሉት። ፎልደር በአማርኛ መሰየም ሊኑክስ ላይ ይሠራል።) የተደበቁት አሁን ይታያሉ። ሲጨርሱ «ሱዶ ዩማውንት /ኤምኤንቲ/ሥር» ማለትን አይርሱ፤ ዩ-ማውንት ሲጻፍ ከዩ በኋላ ኤን የለውም። ዳግም እንዳይደርስ የባክአፕ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ይህን ይጨምሩ፦

ማውንትፖይንት -ኪው /ኤምኤንቲ/ባክአፕ || ኤግዚት 1

ዲስኩ ካልተሰካ ስክሪፕቱ እዚያው ይቆማል።

ታዲያ እየተጻፈበት ያለ ሎግ እንዴት ልቀንስ?

ፋይሉን ከማጥፋት ይልቅ ባዶ ያድርጉት፦

ሱዶ ትራንኬት -ኤስ 0 /ቫር/ሎግ/ሲስሎግ

ፋይሉም ስሙም ይቀራል፣ ይዘቱ ብቻ ይወጣል። «ሱዶ ኤኮ > ፋይሉ» የሚለው አይሠራም። የማዞሪያ ምልክቷን የሚያስኬደው የእርስዎ ሼል (ተርሚናሉ ላይ ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) እንጂ ሱዶ ስላልሆነ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይልዎታል። ባዶ ከማድረግዎ በፊት ግን «ቴይል -ኤን 50» ብለው መጨረሻውን ያንብቡ። አንድ ሎግ በአንድ ሌሊት 20 ጊጋ የሚሆነው አንድ ስህተት በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነው፤ ስህተቱ ካልተፈታ ነገ ተመልሶ ይሞላል።

ዲኤፍ ገና ግማሹ ባዶ ነው ይላል፤ ፋይል ልፍጠር ስል ግን ቦታ የለም ይለኛል።

ያለቀው አይኖድ ነው፤ የፋይል ሥርዓቱ ስለ አንድ ፋይል የሚይዘው መዝገብ ማለት ነው። እያንዳንዱ ፋይል፣ ባዶም ቢሆን፣ አንድ አይኖድ ይይዛል፤ ቁጥራቸው ኤክስት4 ላይ ዲስኩ ሲዘጋጅ ይወሰናል። በተለመደው አሠራር ለ16,384 ባይት አንድ ስለሚደርስ 20 ጊጋ ዲስክ 1,310,720 አይኖድ ይኖረዋል። ከዚያ በላይ ፋይል አይገባበትም። «ዲኤፍ -አይ» ቢሉ መቶኛውን ያሳያል። የትኛው ፎልደር ብዙ ፋይል እንደያዘ ለማወቅ፦

ሱዶ ዲዩ --አይኖድስ -ኤክስ -ዲ 2 / | ሶርት -አርኤን | ሄድ

እዚህ ቁጥሩ ተራ ቁጥር ስለሆነ ሶርት -አርኤን ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኙት የፒኤችፒ ሴሽን ፋይሎች ወይም ሳይላክ የተጠራቀመ ኢሜይል ናቸው። ፎልደሩ ውስጥ ገብተው «አርኤም *» ቢሉ «አርጊዩመንት ሊስት ቱ ሎንግ» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል፤ በፋይንድ ያጥፉ፦

ሱዶ ፋይንድ /ቫር/ሊብ/ፒኤችፒ/ሴሽንስ -ታይፕ ኤፍ -ኤምታይም +7 -ዲሊት

«-ዲሊት» የግድ መጨረሻ ላይ ትሁን። ፋይንድ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሠራ ፊት ካስቀደሟት ቀኑንም ዓይነቱንም ሳይጠይቅ ሁሉንም ያጠፋል። መጀመሪያ ያለ «-ዲሊት» አስኪደው ዝርዝሩን ይዩ።

ያለ ስጋት ምን ማጥፋት እችላለሁ?

ዲስኩ 100% ሆኖ ሰርቨሩ ሲንገዳገድ ቀድመው የሚወስዷቸው እነዚህ ናቸው። «ሱዶ ኤፒቲ ክሊን» የወረዱ የፓኬጅ ፋይሎችን ያጸዳል፤ የተጫነውን አይነካም። «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=200ኤም» የሲስተምዲ ጆርናልን (የሥርዓቱን ሎግ) ወደ 200 ሜጋ ገደማ ያወርዳል፤ ኤሟ ትልቋ ናት። ጆርናሉ ካልተገደበ የዲስኩን 10% እስኪደርስ ያድጋል፣ ጣሪያው 4 ጊጋ ነው። «ሱዶ ኤፒቲ አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» አሮጌ ከርነሎችን ያወጣል፤ «/ቡት» ለብቻው ተከፍሎ ሲሞላ መፍትሔው ይህ ነው። ይሁን እንጂ የሚያጠፋቸውን ዝርዝር ሳያነቡ ዋይ ብለው አይለፉ።

ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች የሚያስኬድ) ካለ «ሱዶ ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» ቦታውን በኢሜጅ፣ በኮንቴይነር፣ በቮልዩም እና በቢልድ ካሽ ከፍሎ ያሳያል። «ዶከር ሲስተም ፕሩን» የቆሙ ኮንቴይነሮችን፣ ስም የሌላቸውን ኢሜጆችና የቢልድ ካሽን ያጠፋል። «-ኤ» ከተጨመረበት ኮንቴይነር የማይጠቀምባቸውን ኢሜጆች በሙሉ ይወስዳል፤ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ መልሶ ማውረዱ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል አስበውበት። «--ቮልዩምስ» ደግሞ የዳታቤዝ መረጃ ሊወስድ ይችላል፤ በችኮላ ሰዓት አይጨምሩት።

ምን አልነካም?

በ«/ቫር/ሊብ/ዶከር» ሥር ያለውን «ኦቨርሌይ2» በእጅ አያጥፉ፤ ዶከር የት ምን እንዳለው ይጠፋበታል። የማይኤስኪውኤል «አይቢዳታ1» ቆሻሻ ሳይሆን ዳታቤዙ ራሱ ነው። የፖስትግሬስ «ፒጂ_ዋል» ፎልደርም ከቨርዥን 10 በፊት «ፒጂ_ኤክስሎግ» ይባል ስለነበር ተራ ሎግ መስሎት የሚሰርዘው ሰው ነበር፤ ከተሰረዘ ዳታቤዙ አይነሳም። ያ ፎልደር ካበጠ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተቋረጠ ሪፕሊኬሽን (ወደ ሌላ ሰርቨር መቅዳት) ወይም የማይሳካ አርካይቭ ነው።

ማይኤስኪውኤል 8 ላይ ቢንሎግ (የዳታቤዙ ለውጦች መዝገብ) ሳይነገረው የሚከፈት ሲሆን ለ30 ቀን ይቆያል። ብዙ ለውጥ ያለበት ሰርቨር ላይ በአንድ ወር አሥር አሥር ጊጋ መደርደር አይከብደውም። በአርኤም ሳይሆን ከማይኤስኪውኤል ውስጥ ሆነው «ፐርጅ ባይነሪ ሎግስ» በሚለው ያስወግዱት፤ የማቆያ ጊዜውንም ከኮንፊገሬሽኑ ያሳጥሩ።

500 ጊጋ የተባለ ዲስክ ገዛሁ፤ ዲኤፍ 466 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ተታለልኩ?

አልተታለሉም። አምራቹ ጊጋን በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፤ «ዲኤፍ -ኤች» በ1,024። 500 ጊጋ በዚህ ስሌት 466 ገደማ፣ 1 ቴራ ደግሞ 931 ገደማ ይሆናል። የፋይል ሥርዓቱም ለራሱ መዝገብ ትንሽ ይቀንሳል። ኤችን በትልቋ ቢጽፏት ዲኤፍ እንደ አምራቹ ይቆጥርልዎታል።

በአማርኛ የተጻፈ ፋይል ተጨማሪ ቦታ ይይዛል?

አዎ፣ ግን አይጎዳዎትም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የላቲን 1። ሚሊዮን ፊደል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ 3 ሜጋ ገደማ ነው፤ አንድ አጭር ቪዲዮ ይበልጠዋል። የሚያስቸግረው የፋይል ስም ነው። ኤክስት4 ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ስለሆነ በግዕዝ ከ85 ፊደል አያልፍም። ረጅም ርዕስ ያለው ፋይል ሲቀዳ «ፋይል ኔም ቱ ሎንግ» ከተባለ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ቦታ ስላለቀ አይደለም።

ዳግም እንዳይሞላ ምን ላስተካክል?

ሁለት ቦታ ላይ ጣሪያ ያብጁ። በ«/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍ» ውስጥ «ሲስተምማክስዩዝ=500ኤም» ብለው ይጻፉ፤ የሦስቱም ቃላት መነሻ ፊደል እና ኤሟ ትልልቅ ናቸው። ከዚያ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ሲስተምዲ-ጆርናልዲ»። ሁለተኛው ዶከር ነው። በተለመደው አሠራር የኮንቴይነር ሎግ ጣሪያ የለውም፤ ስለዚህ በ«/ኢቲሲ/ዶከር/ዴሞን.ጄሰን» ውስጥ «ማክስ-ሳይዝ» 10 ሜጋ፣ «ማክስ-ፋይል» 3 ብለው ይገድቡ። ዶከርን ሪስታርት ቢያደርጉትም ገደቡ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ብቻ ነው፤ ነባሮቹ ተወግደው እንደገና ካልተፈጠሩ ሎጋቸው እንደ ድሮው ማደጉን ይቀጥላል።